የ59 ቀን ዕድሜ

በገብር ኄር ሰንበት በራዲዮ የተነገረ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ነው፤ ስሙም ገብር ኄር ይባላል። ገብር ኄር ማለት ቸር አገልጋይ ማለት ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ዕለት የምታነብልን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የመክሊቱን ምሳሌ ነው። ታሪኩን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ አንድ ጌታ አገልጋዮቹን ጠርቶ ለአንዱ 5፥ ለአንዱ 2፥ ለአንዱ ደግሞ 1 መክሊት ሰጣቸው። 5 የተቀበለው ነግዶ ሌላ 5 አተረፈ፤ 2 የተቀበለውም እንዲሁ 2 አተረፈ፤ 1 የተቀበለው ግን ምድርን ቆፍሮ የጌታውን ገንዘብ ቀበረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ጌታቸው ተመልሶ በተቆጣጠራቸው ጊዜ ሁለቱ ተመስግነው ወደ ጌታቸው ደስታ ገቡ፤ ሦስተኛው ግን ወደ ውጭ ተጣለ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ ልንል ይገባናል። የመጀመሪያው፥ 5 ያተረፈውና 2 ያተረፈው የተቀበሉት ምስጋና አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጌታው ለባለ 5 ታላቅ፥ ለባለ 2 ታናሽ ምስጋና አልሰጠም። እንግዲህ በጌታው ዘንድ የሚመዘነው የተሰጠው ብዛት ሳይሆን የተሠራበት ታማኝነት ነው። ሁለተኛው፥ ሦስተኛው አገልጋይ ሌባ አለመሆኑ ነው። የጌታውን ገንዘብ አልበላም፥ በመጠጥ አላጠፋም፥ በቁማር አልበተነም፤ እንደ ተቀበለው መለሰ። ታዲያ ስለ ምን ተፈረደበት ቢሉ፥ ሳይሠራበት ስለ ቀረ ነው። ስለ ምን ሳይሠራበት ቀረ ቢሉ፥ ጌታውን እንደ ጨካኝ ቈጥሮ ስለ ፈራ ነው፤ አንድም፥ ከባልንጀሮቹ ድርሻ ጋር እያስተያየ የራሱን ስለ ናቀ ነው።

ነገር ግን የናቀው ነገር ትንሽ አልነበረም። በዚያ ዘመን አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበረ። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበረና፥ አንድ መክሊት ማለት የቀን ሠራተኛ ወደ 20 ዓመት ያህል ደክሞ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። ይህን ሁሉ ሀብት ይዞ ምንም እንዳልያዘ ሰው ሆነ።

የዚህ ሰው ድምፅ እስከ ዛሬ አልጠፋም። አንዱ፦ እኔ ያልተማርሁ ነኝ፥ ለቤተ ክርስቲያን ምን እጠቅማለሁ? ይላል። ሌላዪቱ፦ እኔ ድኻ ነኝ፥ የምመጸውተው የለኝም፤ ትላለች። ሽማግሌው፦ ጊዜዬ አልፏል፥ ዛሬ ንስሐ ብገባ ምን እሠራበታለሁ? ይላል። በሽተኛው፦ ከአልጋ የማልነሣ ሰው ለማን እረባለሁ? ይላል። ወጣቱ ደግሞ በተቃራኒው፦ ገና ብዙ ዘመን አለኝ፥ ነገ እደርስበታለሁ፤ ይላል። ቃላቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ሁሉም ግን በእጃቸው የያዙት ያው መቆፈሪያ ነው።

ለዚህ ቃል መልስ የሚሰጥ መምህር ዛሬ ከባሕር እንጠራለን። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ ጻድቁ ኢዮብ ወዳጆቹን እንስሳትንና የባሕርን ዓሦች ጠይቀው እንዲማሩ መክሮአቸዋልና። የቂሣርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ለሕዝቡ ሲያስተምር፥ ስለ ዓሦች ሰፊ ትምህርት ሰጥቶ ከጠባያቸው ለሰው የሚሆን ተግሣጽ አውጥቶአል። እኛም የአባታችንን ፈለግ ተከትለን ስለ አንዲት ዓሣ እንነግራችኋለን። የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ፊት ለፊት፥ ኩዊንስላንድ በሚባለው ግዛት አጠገብ፥ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም በባሕር ውስጥ የታነጸ የድንጋይ ቅጥር አለ። ያነጹት ሰዎች አይደሉም፤ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው ከእህል ቅንጣት አይበልጡም፤ ነገር ግን ከባሕሩ ውሃ የኖራን ዘር እየወሰዱ፥ ትውልድ በትውልድ ላይ እየደረበ፥ መርከብን የሚሰብር ግንብ ሠርተዋል። እስራኤል በየብስ የተሻገሩባት ባሕረ ኤርትራም እንዲህ ያለ የኮራል ቅጥር ያላት ባሕር ናት። በዚህ ቅጥር ላይ ሻርኩ ይዞራል፥ የባሕር ኤሊ ይመላለሳል፥ በቀስተ ደመና ቀለም ያጌጡ ዓሦች በመንጋ ይጓዛሉ። ዋናተኛ ሁሉ የሚያደንቀው እነዚህን ነው።

በቅጥሩ ስንጥቅ ውስጥ ግን ሌላ ነዋሪ አለች። ወገንዋ ጎቢ ይባላል፤ ከ1,500 የሚበልጡ ዓይነቶች ያሉት ሰፊ ነገድ ነው። የዕውቀት ሰዎች በ1983 ኤቪዮታ ሲጊላታ ብለው ሰየሙአት። ሲጊላታ በሮማይስጥ ትንንሽ ምልክት የታተመበት ማለት ነው፤ በገላዋ ላይ ጥቃቅን ምልክቶች አሉና። ርዝመትዋ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ብትጋደም ከጥፍሩ ብዙ አታልፍም። ገላዋ ስስ ነው፤ ቀለምዋም ከተቀመጠችበት ድንጋይ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው አጠገብዋ ደርሶ ሳያያት ያልፋል። ድምፅ የላትም፥ መንጋ የላትም፥ የሚፈራላት ጥርስ የላትም።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ዕድሜዋ ነው። በ2005 በአውስትራሊያ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ማርሻል ዴፕዚንስኪና ዴቪድ ቤልውድ ስለዚህች ዓሣ ያገኙትን ለዓለም ገለጡ። ከመረመሩአቸው መካከል እጅግ ያረጀችው ዓሣ የኖረችው 59 ቀን ነበረ። አከርካሪ አጥንት ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ፥ ማለት ከዓሦች፥ ከአዕዋፍ፥ ከእንስሳት፥ በደረታቸው ከሚሳቡትም ሁሉ፥ ከዚህ ያነሰ የዕድሜ ጣሪያ አልተመዘገበም። ከዚያ በፊት በአጭር ዕድሜ ትታወቅ የነበረችው በአፍሪካ ዝናብ ባቆረው ኩሬ የምትኖር ዓሣ ነበረች፤ እርስዋ እንኳ ከ12 ሳምንት በላይ ትኖራለች።

ቀንዋን በምን ቈጠሩት ቢሉ፥ በጆሮዋ ድንጋይ ነው። ዓሣ በራሱ ውስጥ፥ ሚዛኑን የሚጠብቅበትና ድምፅ የሚሰማበት ትንሽ ድንጋይ አለው። ዛፍ በየዓመቱ በግንዱ ውስጥ አንድ ቀለበት እንደሚጨምር፥ በዚህ ድንጋይ ላይ ደግሞ በየቀኑ አንዲት ስስ ቀለበት ትታከላለች። ተመራማሪዎቹ ድንጋዩን ሞርደው በአጉሊ መነጽር እያዩ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ቈጠሩ። ያች ከጥፍር የማትበልጥ ዓሣ የኖረችበት ቀን ሁሉ በራስዋ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ፤ አንድም ቀን አልጠፋም።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ 59 ቀን ምን ያህል እንደ ሆነ በራሳችን ጾም እንለካው። ዐቢይ ጾማችን 55 ቀን ነው። ይህች ዓሣ ከዘወረደ ሰንበት ማግስት፥ ጾሙን በጀመርንበት ሰኞ፥ ከእንቁላል ወጣች እንበል። የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት ገና እጭ ሆና፥ ቤትና መጠጊያ ሳይኖራት፥ በባሕሩ ውሃ ላይ ተንሳፋ ትኖራለች። ቅድስት ያልፋል፥ ምኵራብ ያልፋል፤ ጌታችን መፃጕዕን አልጋህን ተሸከም ብሎ ያስነሣበትን ነገር በምናስብበት ሰንበት 21 ቀን ይሞላታል፤ ያን ጊዜ ወደ ቅጥሩ ወርዳ ስንጥቅዋን ትይዛለች። ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት፥ ማለት ከደብረ ዘይት እስከ ገብር ኄር ባለው ጊዜ ውስጥ፥ አድጋ ለመውለድ ትደርሳለች።

እነሆ፥ ዛሬ ገብር ኄር 35ኛው ቀን ነው። ዓሣዋ ሥራዋን የምትጀምረው ዛሬ ነው። የሚቀርላትም ከ3 ሳምንት ተኩል አይበልጥም። ኒቆዲሞስ ይመጣል፥ ሆሣዕና ይመጣል፥ ሰሙነ ሕማማት ይመጣል፥ የጌታችን ትንሣኤ ይበራል፤ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ 59ኛው ቀን ይሆናል። እኛ እንኳን አደረሳችሁ እየተባባልን በየዘመዱ ቤት ስንዞር የእርስዋ ዓለም ያልፋል።

ይህም ቢሆን እስከ መጨረሻው ለደረሰችው ነው። ከእነዚህ ዓሦች መካከል በየቀኑ ከ100ው 8 የሚያህሉት በሌሎች ዓሦች ይበላሉ ወይም በሌላ ምክንያት ይጠፋሉ። በዚህ መጠን ሲሰላ ዛሬ ካሉት እኩሌታው ከ8 ወይም ከ9 ቀን በኋላ አይኖሩም። እንግዲህ ይህች ዓሣ፦ ዕድሜዬ አጭር ነው፥ ጠላቴ ብዙ ነው፥ ገላዬ ትንሽ ነው፥ ስለዚህ ምንም አልሠራም፤ ብትል ምክንያት ያላት አይመስላችሁምን?

ነገር ግን አትልም። በቀረላት ጥቂት ቀን እንስቲቱ በአንድ ጊዜ በአማካይ 136 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ይህንንም እስከ ሦስት ጊዜ ታደርጋለች፤ በዕድሜዋ ሁሉ 400 ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር በባሕር ዘንድ ብዙ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቈጠር እንቁላል የሚያፈስሱ ትልልቅ ዓሦች አሉና። ስለዚህ እንቁላሉ ተጥሎ አይተውም። ተባዕቱ በስንጥቁ ውስጥ ተቀምጦ እስኪፈለፈል ድረስ ይጠብቀዋል። ከጥቂት ሳምንት የዐዋቂነት ዘመኑ ቀን ከፍሎ ልጆቹን ይጠብቃል። ጥቂት የተሰጣቸው እነዚህ ሁለቱ ጥቂቱን በጥንቃቄ ይይዙታል።

መጽሐፍ እንደሚያስተምረን እግዚአብሔር በባሕር የሚኖሩትን ሁሉ የፈጠረው በዕለተ ሐሙስ ነው። መምህራኖቻችን በልብ የሚሳቡ፥ በእግር የሚሽከረከሩ፥ በክንፍ የሚበሩ ብለው በሦስት ይከፍሉአቸዋል። በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው በረከት የተነገረውም ለእነዚሁ ነው፤ ሰው ገና አልተፈጠረም ነበርና። እንዲበዙና ባሕርን እንዲሞሉ ተባረኩ። ያ በረከት ለታላቁ ዓንበሪ ብቻ የተነገረ አይደለም። 59 ቀን የምትኖረውም ዓሣ ያንን ቃል ተቀብላለች፤ በተቀበለችውም ቃል ትሠራለች። እርስዋ አንድ መክሊት የተሰጣት ናት፤ ነገር ግን አልቀበረችውም።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ስለ ዘመናችን ነው። ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ፤ መጽሐፍም ስለ እርሱ የነገረን መኖሩን፥ መውለዱንና መሞቱን ነው። በጌታችን ቀኝ የተሰቀለው ፈያታዊ ደግሞ ከንስሐው በኋላ የቀረለት ጊዜ በሰዓት የሚቈጠር ነበረ። በዚያች ጥቂት ሰዓት ጌታውን ዐወቀ፥ በደሉን አመነ፥ ባልንጀራውን ገሠጸ፥ መንግሥቱንም ለመነ፤ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ከአዳም ቀድሞ ገነት የገባ እያለች ታስበዋለች። እንግዲህ ሽማግሌው አባቴ፦ ጊዜዬ አልፏል፤ ለምን ትላለህ? ለዚያች ዓሣ 24 ቀን ለሙሉ ዕድሜ ሥራ በቅቶአታል። ለአንተ ከዛሬ እስከ ቀዳም ሥዑር ያሉት 20 ቀናት ለንስሐ አይበቁህምን?

ለወጣቱም ልጃችን እንናገራለን። የዓሣዋ ቀን በጆሮዋ ድንጋይ ላይ እንደሚጻፍ የእኛም ቀን ይጻፋል። ነቢዩ ዳዊት ገና ሳንፈጠር ቀኖቻችን ሁሉ በእግዚአብሔር መጽሐፍ እንደ ተጻፉ አስተምሮናል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በዓሣዋ ድንጋይ ላይ ቀለበቱ ብቻ ይገኛል፥ በእኛ መጽሐፍ ግን ቀኑና የቀኑ ሥራ አብሮ ይገኛል። በስካር ያለፈው ሌሊት አንድ ቀለበት ነው፤ በሐሜት ያለፈው ከሰዓት በኋላ አንድ ቀለበት ነው፤ ሕመምተኛ የጠየቅህበት፥ እናትህን ያገለገልህበት ቀንም አንድ ቀለበት ነው። ሁሉም ይቈጠራል። ቈጣሪውም አጉሊ መነጽር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነገር ስለ ተሰወረ አገልግሎት ነው። ብዙ ዘመን እነዚህን ጥቃቅን ዓሦች ስለ ቅጥሩ ሕይወት ብዙ የሚጠቅሙ አድርጎ የቈጠራቸው ሰው ጥቂት ነበረ። በማናቸውም ቀን ቅጥሩ ላይ ያለው ዓሣ ሁሉ ቢመዘን እነርሱ ሚዛኑን የሚያነሡ አይደሉምና። ነገር ግን በ2019 ሳይመን ብራንድል የተባለ ተመራማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር ባወጣው ጥናት፥ በኮራል ቅጥር ላይ ከሚበላው የዓሣ ሥጋ ከ100ው ወደ 60 የሚጠጋው ከእነዚህ ተሰውረው ከሚኖሩ ጥቃቅን ዓሦች ወገን እንደ ሆነ ተገለጠ። ጎቢና መሰሎቹ ይበላሉ፥ ወዲያው በሌሎች ይተካሉ፤ ደግሞ ይበላሉ፥ ደግሞ ይተካሉ። በዓይን የሚታዩትና የሚደነቁት ብዙዎቹ ዓሦች የሚኖሩት በማይታዩት ነው።

ይህን ስንሰማ የሰራፕታዋ መበለት ማድጋ ትዝ ይለናል። በነቢዩ በኤልያስ ዘመን ረኃብ በሆነ ጊዜ በማድጋዋ የነበረው እፍኝ ዱቄት ነበረ። ማድጋውን ገልጦ የሚያይ ሰው በማናቸውም ቀን ከእፍኝ በላይ ላያይ ይችል ነበረ፤ ነገር ግን ነቢዩም፥ መበለቲቱም፥ ቤተ ሰዎችዋም ብዙ ቀን ከእርሱ በሉ። ዱቄቱ ብዙ ሆኖ አይደለም፤ ስላላለቀ ነው። የእግዚአብሔር ስጦታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በክምር አይታይም፥ በማለቅም አይታይም።

በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥም ይህን የመሰለ አለ። በዓለ ንግሥ በሆነ ቀን ሕዝቡ የሚያየው ታቦቱን፥ ካህናቱን፥ የወርቅ ጥላውን፥ የመዘምራኑን ወረብ ነው። ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ ስላለችው ስለ ትንሽዋ ቤት፥ ስለ ቤተ ልሔም፥ የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚያች ቤት ግን ሕዝቡ ሳይነሣ አንድ ዲያቆን በሌሊት ተነሥቶ፥ ዱቄቱን አቡክቶ፥ ምድጃውን አንድዶ፥ ለመሥዋዕት የሚሆነውን ኅብስት ይጋግራል። ማንም አያየውም፥ ማንም እልል አይልለትም። እርሱ ቢቀር ግን ቅዳሴው አይቀደስም፤ ቅዳሴው ካልተቀደሰ ቆራቢው ምን ይቀበላል?

አሁን ወደ ምሳሌው እንመለስና ሁለቱን እናስተያይ። ዓሣዋ ራስዋን ሰወረች፥ መክሊትዋን ግን አልሰወረችም። ሰነፉ አገልጋይ መክሊቱን ሰወረ፥ ራሱን ግን አልሰወረም፤ እንዲያውም በጌታው ፊት ቆሞ ብዙ ተናገረ። ከሦስቱ አገልጋዮች ንግግሩ የረዘመው የእርሱ ነው። ጌታችን ያዘዘን ይህን መገልበጥ ነው። ምጽዋታችንን ቀኝ የሠራውን ግራ እንዳያውቅ አድርገን እንድንሰጥ፥ በጾም ፊታችንን ታጥበን እንድንወጣ፥ በራችንን ዘግተን እንድንጸልይ አዝዞናል። ሥራው ይሠራ፥ ሠሪው ይሰወር ማለት ነው። በሰው አገር በሰው ቤት ተቀጥረሽ፥ በሌሊት ማዕዘን ላይ ቆመሽ በለሆሳስ የምትጸልዪ እኅታችን ሆይ፤ ጸሎትሽ በትንሽ ስንጥቅ ውስጥ ቢሆንም ቤተ ሰብሽን ይመግባል። በአልጋ ላይ ያለህ ወንድማችን ሆይ፤ ጐረቤትህ በአንተ ትዕግሥት እግዚአብሔርን ካመሰገነ መክሊትህ ነግዶአል።

ሦስተኛውን ነገር የምንናገረው በጥንቃቄ ነው። ድምፃችንን ከሚሰሙት መካከል ልጅዋን አስጠምቃ፥ የማተቡ ክር ሳያድፍ የቀበረች እናት ትኖራለች። እርስዋ ስለ አጭር ዕድሜ ስንናገር በሰማች ጊዜ፦ የእኔስ ልጅ ምን ሠራ? ሁለት ወር ኖሮ የሄደው ለምን መጣ? ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። እናቴ ሆይ፤ በዚህ ነገር ዓሣዋ መምህርሽ አይደለችም። የዓሣዋ ነፍስ ከሥጋዋ ጋር ያልፋል፤ ሥራዋም እዚሁ ተጀምሮ እዚሁ ይፈጸማል። ሰው ግን ነባቢት፥ ለባዊት፥ ሕያዊት ነፍስ ያለው ነው። ስለዚህ የሰው ዘመን በልደትና በሞት መካከል ባለው ቀን ብቻ አይለካም። በሄሮድስ ሰይፍ የወደቁት የቤተ ልሔም ሕፃናት ሁለት ዓመትና ከዚያም በታች ነበሩ፤ አልሰበኩም፥ አልገዳሙም፥ መጽሐፍ አልጻፉም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሰማዕታት ጋር ትቈጥራቸዋለች። ልጅሽም በጥምቀት ተወልዶ፥ ሥጋውን ደሙን ተቀብሎ ከሄደ፥ የሄደው ባዶ እጁን አይደለም። ስለ ምን ቶሎ ተጠራ የሚለውን ጠሪው ያውቃል። እኛ የምንነግርሽ የተጠራው ወደ ማን እንደ ሆነ ነው። አልቅሺ፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሶአልና። ነገር ግን ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሺ።

ለቀረነው ግን ይኸው ልዩነት ፍርድን ያከብድብናል። ዓሣዋ የምትሠራው በተፈጥሮዋ ነው፤ ልታምፅ አትችልም፥ ስለዚህም አክሊል አትጠብቅም። እኛ በፈቃዳችን እንሠራለን፥ በፈቃዳችንም እንቀብራለን። ዓሣዋ 59 ቀን እንዳላት አታውቅም፤ እኛ ዘመናችን የተቈጠረ መሆኑን እናውቃለን፥ ቁጥሩ ግን ተሰውሮብናል። ለምን ተሰወረ ቢሉ፥ ሁሉን ቀን እንደ መጨረሻ ቀን እንድንይዘው ነው። ባለፈው ሰንበት በደብረ ዘይት ቤተ ክርስቲያናችን የጌታችንን ዳግም መምጣት ያነበበችልን ለዚህ ነው፤ ደብረ ዘይት መምጣቱን ይነግረናል፥ ገብር ኄር የሚጠይቀንን ይነግረናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዛሬ እስከ ቀዳም ሥዑር 20 ቀን አለ። ከወንድሙ ጋር የተጣላ ሰው እስከ ትንሣኤ ዋዜማ አይጠብቅ፤ ዛሬ ከዚህ ትምህርት በኋላ ሽማግሌ ይላክ። የሠራተኛውን ደመወዝ ያስቀረ ጌታ፥ የድኻውን ድንበር የገፋ ባለ እርሻ፥ ነገ ሰኞ ይመልስ። ከንስሐ አባቱ ፊት የራቀ በዚህ ሳምንት ይሂድ፤ የንስሐ አባት የሌለውም አጥቢያው ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይጠይቅ። ማንበብ የምትችል ልጅ ማንበብ ለማይችሉ ጐረቤቶችዋ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ወንጌል ታንብብ። ምንም የለኝም የምትል እናት ለሚያልፈው ተማሪ ከቆሎዋ እፍኝ ትስጥ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ትልቁ የባሕር ቅጥር በምን እንደ ቆመ፥ በእርሱም ላይ የሚመላለሱት ከምን እንደሚመገቡ ሰምታችኋል።

በመጨረሻው ቀን ጌታችን ባለ 1 መክሊቱን፦ ስለ ምን 5 አላመጣህም? ብሎ አይጠይቀውም። በአንዲቱ ምን አደረግህባት? ብሎ ይጠይቀዋል። ያን ጊዜ የምንመልሰው መልስ እንዲኖረን ዛሬ የቀበርነውን እናውጣ፤ ምድሩም ገና ለስላሳ ነው፥ ቀኑም ገና አልመሸም።

አቤቱ አምላካችን ሆይ፤ ለታላቁ ዓንበሪና ለትንሽዋ ዓሣ ምግብን በጊዜው የምትሰጥ፤ ዘመናችንን የምትቈጥር፥ ስውር ሥራችንን የምታይ አንተ ነህ። የቀረልንን ቀን ባርክልን። የቀበርነውን እንድናወጣ ኃይልን ስጠን። ያዘኑትን አጽናና፥ የታመሙትን ፈውስ፥ በስደት ያሉትን ጠብቅ፥ ያንቀላፉትን ዕረፍት ስጥ። ጾማችንን ተቀብለህ ለብርሃነ ትንሣኤህ በሰላም አድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።